የሰርቨር ፓስዎርድና ቶክን የት ይቀመጥ? ለትንሽ ቡድን የሚሆን ጥቆማ

ጥያቄ፦

አራት ሆነን ነው የምንሠራው። ክላውድ ላይ ሃያ ያህል ሰርቨሮች አሉን፤ ሁሉንም የምናዋቅረው በአንሲብል (ብዙ ሰርቨር ባንዴ በሚያዋቅር መሣሪያ) ነው። የዳታቤዝ ፓስዎርዱ፣ የኤፒአይ ቁልፉ፣ የሰርተፍኬቱ ቁልፍ ግማሹ አንሲብል ቮልት (የአንሲብል የራሱ መመስጠሪያ) ውስጥ ነው፤ ግማሹ ሰርቨሩ ላይ ኢንቭ ፋይል (የአፕሊኬሽኑ ማዋቀሪያ ጽሑፍ) ውስጥ ተቀምጧል፤ የቀረው ቻት ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ነው። አሁን አንድ ቦታ ልንሰበስበው ነው። የሞከራችሁ ሰዎች የቱን ትጠቁሙናላችሁ?

መልስ፦

የኔ ጥቆማ ሶፕስ (ምስጢር ያለበትን ፋይል የሚመሰጥር መሣሪያ) ከኤጅ (የመመስጠሪያ ቁልፍ ከሚያወጣ ፕሮግራም) ጋር ነው። ሰርቨሮቻችሁ በሙሉ አንድ ክላውድ ላይ ካሉ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ እሱን የሚያውቁት ይጨምሩበት።

የትኛውንም መሣሪያ ስታዩ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ የመክፈቻው ቁልፍ የት እንደሚያድር ነው። ምስጠራው ላይ ሁሉም ጎበዝ ነው። ፋይሉን በኤኢኤስ (በጠንካራ የምስጠራ ዘዴ) ቆልፎ የመክፈቻውን ፓስዎርድ እዚያው ሪፖ (የኮዱ ማከማቻ) ውስጥ በጽሑፍ ፋይል መተው በሩን ቆልፎ ቁልፉን ደጃፉ ላይ እንደ መጣል ነው። እንዲህ ያለ ሪፖ ደግሞ ብዙ አለ።

አንሲብል ቮልት በዚህ መለኪያ ሲታይ መጥፎ አይደለም፤ ግን ቶሎ ይጠባል። ከአንሲብል ጋር አብሮ ስለሚመጣ የሚጫን ነገር የለውም፤ በቮልት አይዲ ለፕሮዳክሽንና ለሙከራ የተለያየ ፓስዎርድ መስጠትም ይቻላል። ነገር ግን አራታችሁም ያንኑ ፓስዎርድ ትጋራላችሁ። ማን መቼ እንደከፈተው አይታወቅም፤ አንድ ሰው ሲለቅ የሁሉም ይቀየራል። ሙሉ ፋይል ከመሰጠራችሁ ደግሞ አንድ ፊደል ስትነኩ ፋይሉ ከላይ እስከ ታች ይለወጣል፤ ለውጡን የሚገመግመው ሰው የሚያየው የቁጥር ክምር ብቻ ነው።

ሶፕስ የሚሻለው እዚህ ላይ ነው። ሞዚላ ውስጥ የተወለደ መሣሪያ ነው፤ ከ2023 ጀምሮ በክላውድ ኔቲቭ ኮምፒዩቲንግ ፋውንዴሽን ሥር ነው ያለው። ያሜል ፋይሉን ሲመሰጥር የእያንዳንዱን መስመር ስም እንዳለ ይተወዋል፤ የሚመሰጥረው ከስሙ ቀጥሎ ያለውን ዋጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ጊት ላይ «የዳታቤዝ ፓስዎርዱ ተቀይሯል፣ ሌላው እንዳለ ነው» የሚለውን ፋይሉን ሳትከፍቱት ታነባላችሁ። እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁ የኤጅ ቁልፍ ይኖራችኋል። የሕዝብ ቁልፎቻችሁ (ለመመስጠር ብቻ የሚያገለግሉት፣ ቢታዩም ችግር የሌለባቸው) ሪፖው ሥር ባለው የሶፕስ ማዋቀሪያ ፋይል ይዘረዘራሉ፤ አዲስ ሰው ሲመጣ የሱን ቁልፍ ትጨምሩና «አፕዴት ኪስ» የሚለውን ትእዛዝ ታስኬዳላችሁ። የፓስዎርድ ልውውጥ የሚባል ነገር የለም።

ከአንሲብል ጋር የሚያገናኘው «ኮሚዩኒቲ ሶፕስ» የሚባለው ኮሌክሽን (የአንሲብል ተጨማሪ ጥቅል) ነው። የግሩፕ ቫርስ ፋይሎችን (የሰርቨር ቡድኖች ተለዋዋጮች የሚጻፉባቸውን) ራሱ ይከፍታቸዋል፤ ሆኖም ፕለጊኑን በአንሲብል ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ካላስነሳችሁት ምንም ሳይል ያልፋል፤ ተለዋዋጩ አልተገኘም የሚል ስህተት ይመጣና ጥፋቱን ሌላ ቦታ ስትፈልጉ ትውላላችሁ። ሌላም ጠባይ አለው፦ ፋይሉ በእጅ እንዳይነካካ ማረጋገጫ ኮድ መጨረሻው ላይ ያስቀምጣል። ሁለት ሰዎች በተለያየ ብራንች አንድ ፋይል ቀይረው ጊት ሲያዋህደው ኮዱ ስለማይገጥም ሶፕስ አልከፍትም ይላል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ፋይል አትሥሩ፤ በየአገልግሎቱ ከፋፍሉት።

ለሁለቱም የሚሠራ ማስጠንቀቂያ፦ ጊት ታሪክ አይረሳም። የለቀቀው ሰው የድሮ ኮፒ ካለው በድሮ ቁልፉ ይከፍተዋል። ቁልፉን ከዝርዝሩ ማውጣት ወደፊት የሚጻፈውን ብቻ ነው የሚከላከለው፤ ውስጥ ያሉት ፓስዎርዶች ራሳቸው ዳታቤዙ ላይ መቀየር አለባቸው። ይህንን የሚያደርግ ፕሌይቡክ ከአሁኑ ጻፉ። ሰው ሊለቅ ሲል መጻፍ ከጀመራችሁ አይደረስም።

ሌላ መልስ፦

በሶፕሱ እስማማለሁ፤ ግን ሃያውም ሰርቨር አንድ ክላውድ ላይ ከሆነ ቁልፍ የሚባለውን ራሱን ማስቀረት ትችላላችሁ። ሰርቨሩ ሲነሳ ሮል (ክላውዱ የሚያውቀው ማንነትና ፈቃድ) ይሰጠዋል፤ በዚያ ማንነቱ ምስጢሩን ከክላውዱ ይጠይቃል። ፋይል ላይ የሚጻፍ የመጀመሪያ ቁልፍ የለም። ማን መቼ እንዳነበበውም በኦዲት ሎግ ይቀራል፤ ግን አዡርና ጉግል ላይ የንባቡን ሎግ እናንተ ራሳችሁ ማስነሳት አለባችሁ።

አማዞን ላይ ከሆናችሁ ከሁለቱ የምስጢር ማስቀመጫዎቹ ፓራሜትር ስቶርን አስቀድሙ። መደበኛው ዓይነት እስከ 4 ኪሎባይት ይይዛል፤ በአንድ አካውንትና ሪጅን እስከ 10,000 ድረስ ማስቀመጫ አይከፈልበትም። «ሴኪውር ስትሪንግ» የሚለውን ዓይነት መምረጥ እንዳትረሱ፤ አለዚያ በግልጽ ጽሑፍ ነው የሚቀመጠው። ሌላው የአማዞን ማስቀመጫ ሴክሬትስ ማናጀር በየምስጢሩ በየወሩ ያስከፍላል፤ ትርጉም የሚኖረው ፓስዎርዱን በራሱ ጊዜ እንዲቀይርላችሁ ስትፈልጉ ነው። ለዳታቤዝ ይህ ዋጋ አለው፤ አንዴ ተሰጥቶ ለማይቀየር የኤፒአይ ቁልፍ ግን ገንዘብ ማባከን ነው።

አውቶሜሽን ላይ የሚያበሳጨውን ልንገራችሁ። ሴክሬትስ ማናጀር ላይ ምስጢር ስታጠፉ ወዲያው አይጠፋም፤ ከ7 እስከ 30 ቀን ይጠብቃል፤ እስከዚያ በዚያው ስም አዲስ መፍጠር አይቻልም። ቴራፎርም (የክላውድ ሰርቨርና አገልግሎት በኮድ የሚፈጥር መሣሪያ) አፍርሶ መልሶ ሲሠራ ስሙ ተይዟል ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው። አዡር ኪይ ቮልትም ከ7 እስከ 90 ቀን ተመሳሳይ ጠባይ አለው። ጉግል ሴክሬት ማናጀር በቨርዥን ነው የሚሠራው፤ ፕሮዳክሽን ላይ «የመጨረሻውን» ብላችሁ አትጥሩ፣ የቨርዥኑን ቁጥር ጻፉ። አንድ ሰው የተሳሳተ ዋጋ ቢያስገባ ሃያው ሰርቨር ባንዴ አይወድቅም።

የሮሉም ደካማ ጎን አለው፦ ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም 169.254.169.254 ላይ (ሜታዳታ በሚባለው፣ ክላውዱ ስለ ሰርቨሩ መረጃ በሚሰጥበት አድራሻ) ሄዶ የሮሉን ጊዜያዊ ቁልፍ መጠየቅ ይችላል። በ2019 ካፒታል ዋን ላይ የደረሰው ይኸው ነው፤ በትክክል ያልተዋቀረ ፋየርዎል ጥያቄውን ወደዚያ አድራሻ አሳለፈው። አማዞን በዚያው ዓመት መጨረሻ የሜታዳታውን ሁለተኛ ቨርዥን አወጣ። እሱን ግዴታ አድርጉት፤ ለሮሉም የሚያስፈልገውን ምስጢር ብቻ እንጂ ሁሉንም በኮከብ ምልክት አትፍቀዱ።

ጠያቂው፦

አመሰግናለሁ። ሰርቨሮቹ ግን ሁለት ክላውድ ላይ ናቸው። ሀሺኮርፕ ቮልትን (ከአንሲብል ቮልት የተለየ፣ ራሱን የቻለ የምስጢር ሰርቨር) ለምን ማንም አላነሳውም? ያየሁት ጽሑፍ ሁሉ ስለ እሱ ነው።

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ፦

ሁለት ክላውድ ከሆነ ሶፕስ ላይ እጸናለሁ። ቮልትን ያላነሣሁት አቅም ስለሌለው አይደለም፤ የሚጠብቀው ሰው ስለሚፈልግ ነው። በጣም የሚያስቀናው ችሎታው ፓስዎርድ አለማስቀመጡ ነው፦ አፕሊኬሽኑ ሲጠይቀው ዳታቤዙ ላይ አዲስ ተጠቃሚ ይፈጥርለታል፣ ጊዜው ሲያልቅ ያጠፋዋል። ተሰርቆ ቢወጣ እንኳ ጊዜው ካለፈ በኋላ አይሠራም። ይህንን ሶፕስ በፍጹም አይሰጣችሁም።

በተነሣ ቁጥር ግን ተቆልፎ ነው የሚነሣው። በነባሪው አሠራር ዋናው ቁልፍ በ5 ቁራጭ ይከፈልና ለመክፈት 3ቱ ያስፈልጋሉ። አራት ሰው ባለበት ቡድን አንዱ ፈቃድ ላይ፣ አንዱ ታሞ፣ ሰርቨሩ ሌሊት ላይ ሪስታርት ቢያደርግስ? አውቶ አንሲል (ራሱ የሚከፍትበት አሠራር) አለ፤ ሆኖም እሱ መክፈቻውን ለክላውዱ ኬኤምኤስ (የቁልፍ ጠባቂ አገልግሎት) ያስረክባል፣ እናም ጉዳዩ ወደ ክላውዱ ሮል ይመለሳል። የኦዲት ሎጉን ያስነሣችሁት በፋይል ብቻ ከሆነና ዲስኩ ከሞላ ደግሞ ቮልት ጥያቄ መመለስ ያቆማል። ሳይመዘገብ የሚያልፍ ነገር እንዳይኖር ታስቦ ነው፤ ለደኅንነት ትክክል ነው፤ ለእናንተ ግን ሁሉም አፕሊኬሽን ባንዴ የሚቆምበት አንድ ተጨማሪ ሰበብ ነው።

ፈቃዱ በነሐሴ 2023 በፈረንጆቹ ከክፍት ምንጭ ወደ ቢዝነስ ሶርስ ተቀይሯል። ለራሳችሁ ውስጣዊ ሥራ ከመጠቀም አይከለክልም። ያ ካልተመቻችሁ ከዚያው ኮድ የተነሣው ኦፕንባኦ በሊኑክስ ፋውንዴሽን ሥር አለ። የቡድናችሁ ቁጥር ሲያድግና ይህንን ሥራዬ ብሎ የሚይዝ ሰው ሲኖራችሁ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ኢንፊዚካልና ዶፕለር የሚባሉ የምስጢር ማስተዳደሪያ አገልግሎቶችም አሉ። ገጻቸው ያምራል፣ ለዴቨሎፐር ላፕቶፕ ምቹ ናቸው፤ ኢንፊዚካልን በራሳችሁ ሰርቨር ማስነሣትም ይቻላል። ሰርቨሩ የሚገባበት ቶክን ግን እዚያም አንድ ቦታ መቀመጡ አይቀርም።

ሦስተኛ ሰው፦

መሣሪያውን መርጣችሁ ስትጨርሱ ሎጋችሁን እዩ፤ ምስጢር በብዛት የሚያፈተልከው በዚያ ነው። አንሲብል ታስክ ሲወድቅ የተላከለትን ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይዘረግፋል። «ዲፍ» ብላችሁ ካስኬዳችሁት ደግሞ ከቴምፕሌቱ የወጣውን ፋይል ከነፓስዎርዱ ያሳያል። ምስጢር የሚነካ ታስክ ላይ ሁሉ «ኖ ሎግ» አድርጉ፤ ስህተት ስትፈልጉ ያስቸግራል፣ ቢሆንም አድርጉት።

ፓይፕላይናችሁ (ኮዱን በራሱ ፈትኖ የሚጭነው ሥርዓት) ጊትሃብ አክሽንስ ከሆነ የክላውድ ቁልፍ እዚያ አታስቀምጡ፤ በኦአይዲሲ (ጊትሃብ ማንነቱን ለክላውዱ በሚያረጋግጥበት መንገድ) ለዚያች ሩጫ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ ቁልፍ ይወሰዳል። በመጋቢት 2025 በፈረንጆቹ የ«ቲጄ አክሽንስ» «ቼንጅድ ፋይልስ» የተባለው ታዋቂ አክሽን (ፓይፕላይን ላይ የሚሰካ ዝግጁ ኮድ) ተበክሎ የሰዎችን ምስጢር ወደ ሎጋቸው ሲያትም ነበር። ሌሎች የሠሩትን አክሽን በታግ ሳይሆን በኮሚት ቁጥሩ ጥሩ፤ ያኔ የታጎቹ አቅጣጫ ነበር ወደ ተበከለው ኮድ የተዞረው። ቴራፎርም የምትጠቀሙ ከሆነም ስቴት ፋይሉ (የፈጠረውን ሁሉ የሚመዘግብበት) ፓስዎርዱን በግልጽ ነው የሚይዘው፤ ከቴራፎርም ኮድ የተነሣው ኦፕንቶፉ ከ1.7 ጀምሮ ስቴቱን መመስጠር ይችላል።

ጠያቂው፦

ገባኝ፣ በሶፕስ እንጀምራለን። ከየትኛው ጫፍ?

የመጀመሪያው መልስ ሰጪ፦

ቻት ውስጥ ካሉት። እነሱን ወደ ሶፕስ አታዛውሩ፤ እንደተሰረቁ ቁጠሯቸውና አዲስ አውጡ፣ አዲሱ ብቻ ይግባ። ከዚያ ጊትሊክስን (ኮድ ውስጥ የቀረ ምስጢር የሚፈልግ መሣሪያ) በሪፖው ሙሉ ታሪክ ላይ አስኬዱት፤ ያገኘውንም እንዲሁ ቀይሩ። አንሲብል ቮልት ውስጥ ያሉት መጨረሻ ይምጡ፣ እነሱ ቢዘገዩም ችግር የለም።

ከአራቱ የኤጅ ቁልፎች ሌላ አምስተኛ አውጡና ኢንተርኔት በማይነካው ቦታ አስቀምጡት። ከማስቀመጣችሁ በፊት ምንም ባልተጫነበት ማሽን ላይ ሪፖውን አውርዳችሁ በእሱ ብቻ አንድ ፋይል ክፈቱበት።