ማታ ማታ ዋይፋዬ ይታነቃል፣ የትኛው ቻናል ላይ ልግባ?

ሰላም ጎበዞች፣ ግራ ገብቶኝ ነው። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቀን ቀን ዋይፋዩ ምንም አይልም። ማታ 2 ሰዓት ላይ ሁሉም ቤቱ ሲገባ ግን ቪዲዮ ይቅርና የቴሌግራም የድምፅ መልእክት እንኳ አልሄድ ይላል። የመስመሩ ችግር ነው እንዳልል፣ በኬብል ስሰካው በጣም ይፈጥናል።

በስልኬ ስካን ሳደርግ 2.4 ጊጋኸርዝ በሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ላይ 23 ዋይፋይ ቆጠርኩ! ይህ ሞገድ ቻናል በሚባሉ ቁጥር በተሰጣቸው መስመሮች የተከፋፈለ ነው፤ እስከገባኝ ድረስ እዚያ ሳይነካኩ የሚሠሩት ቻናል 1፣ 6 እና 11 ናቸው። አንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ቢያንስ ይደማመጣሉ፣ አንዱ ሲያወራ ሌላው ይጠብቃል፤ 3 ላይ የተቀመጠ ግን 1ንም 6ንም ይረብሻል። የጎረቤቴ ራውተር ታዲያ በትክክል 3 ላይ፣ ያውም በ40 ሜጋኸርዝ ስፋት (ከተለመደው 20 ሜጋኸርዝ ሁለት እጥፍ) እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ብሏል። ሰውየው ቡና የሚጠሩኝ ጥሩ ሰው ናቸው፣ እንዴት ብዬ እንደምነግራቸው ጨንቆኛል።

ሌላውን የዋይፋይ ሞገድ፣ 5 ጊጋኸርዝን፣ ሞክሬያለሁ። ሳሎን ውስጥ አሪፍ ነው፣ መኝታ ቤት ስገባ ግን ግድግዳው ይበላዋል። አሮጌው ላፕቶፔ ጭራሽ አያየውም።

ከእሳቸው የሚርቀው 11 ነው፣ ግን ሲግናላቸው ደከም ያለ 9 ራውተሮች ተኮልኩለውበታል። 6 ላይ 2 ብቻ አሉ፣ ሁለቱም አጠገቤ። የእኔን ራውተር በ20 ሜጋኸርዝ ስፋት ባደርገው ከሁለቱ ቻናሎች የቱ ይሻለኛል? ደግሞስ የፎቃችን ሰዎች ተስማምተን የራውተሮቻችንን ኃይል ብንቀንስ ለውጥ አለው ወይስ የዋህነት ነው? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።