የዕለት ማስታወሻዬን ዜና ሞላው፤ እናንተ እንዴት ነው የምትጽፉት?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የአራተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ ማታ ማታ ከመተኛቴ በፊት አንድ ገጽ እጽፋለሁ። ባለፈው ሳምንት ዕቃዬን ሳስተካክል የመጀመሪያውን ደብተር አገኘሁና ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ልቤ አላረፈም።

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 6 ቀን 2023፣ ቱርክና ሶሪያ በመሬት መንቀጥቀጥ የተመቱ ዕለት የጻፍኩት ገጽ ከላይ እስከ ታች ቁጥር ነው። መጠኑ 7.8። የሟቾቹ ቁጥር ተጽፎ፣ ተሰርዞ፣ አጠገቡ ሌላ ተጽፎ፣ እሱም ተሰርዞ። በዚያው ሌሊት የዶርም ጓደኛዬ አባቱ በጠና መታመማቸው በስልክ ተነግሮት፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ ነግቶበታል። መቀመጡ ትዝ ይለኛል፤ ምን እንዳለኝ ግን ጠፍቶኛል። ደብተሩ ላይ ደግሞ ስሙ እንኳ የለም። አባቱ ከወር በኋላ አረፉ።

ዜና መጻፍ ላቁም እላለሁ። መልሼ ደግሞ ሰው ፍርስራሽ ሥር እያለቀ እኔ ስለ ፈተናና ስለ ልብስ አጠባ ስጽፍ ነውር ይመስለኛል። ሁለቱን እንዴት ታስታርቃላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ የማጠናው ታሪክ ስለሆነ የሰው ማስታወሻ ማንበብ ሥራዬ ነው። ደራሲው ፍራንዝ ካፍካ ኦገስት 2 ቀን 1914 ጀርመን በሩሲያ ላይ ጦርነት ማወጇን በአንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ጻፈና፣ ከሰዓት በኋላ ዋና መሄዱን ጨመረበት። በቃ። ግድየለሽ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ አይመስለኝም። ቀኑ የዋለው እንደዚያ ነው።

የለንደኑን የዕለት ማስታወሻ ጸሐፊ ሳሙኤል ፒፕስን ደግሞ እይ። በሴፕቴምበር 1666 ለንደን ስትቃጠል 13,200 ያህል ቤቶች ወድመዋል፤ ይህን ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ታገኘዋለህ። ፒፕስ ያየው ግን ርግቦቹን ነው። ቤታቸውን መልቀቅ አቅቷቸው በየመስኮቱና በየሰገነቱ ሲያንዣብቡ፣ አንዳንዶቹ ክንፋቸው ተቃጥሎ ወደቁ። እሱ ባይጽፈው ማን ያውቅልን ነበር? አንተ ጫማውን አይተሃል። እሱን ጻፍ።

መልስ፦
ስለ ርግቦቹ እስማማለሁ፤ ዜናን መተው በሚለው ግን አይደለም። የእኔ ቤተሰብ የሚኖረው ጦርነት ባለበት አካባቢ ነው። ኔትወርክ የተቋረጠ ቀን ለእኔ ዜናውና ውሎዬ አይለዩም። ስልኬን ጭኔ ላይ ደፍቼ፣ በነዘረ ቁጥር ልቤ እየዘለለ ነው ሌክቸር የምከታተለው። አንድ ቀን የነዘረው የቤተመጻሕፍት ማሳሰቢያ ሆኖ፣ መጽሐፍ መልሺ የሚለውን አንብቤ አለቀስኩ። ያንን ጽፌዋለሁ።

ስለዚህ የምጽፈው ወሬው ሲደርሰኝ የት እንደነበርኩ፣ ከማን እንደሰማሁ፣ አጠገቤ ማን እንደነበረ ነው። ቁጥር አልገለብጥም፤ ይቀየራል። አንተ ስትሰርዝ ስትጽፍ ያመሸህበት ቁጥር እኮ በኋላ ከ50,000 አልፏል።

መልስ፦
እኔ ማታ ዜና አይቼ ብዕር ካነሳሁ የራሴ ቀን ከጭንቅላቴ ወጥቶ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ ውሎዬን እጽፋለሁ፣ ስልኩን የምከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። ሞክረው።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። እህቴ፣ ቤተሰቦችሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ።

ትናንት ማታ ጓደኛዬን «ያን ሌሊት ምን ብለኸኝ ነበር?» ብዬ ጠየቅኩት። «ምንም አላልኩህም። መብራቱን አጠፋህልኝና አንተም ሳትተኛ አነጋህ» አለኝ። መብራት ማጥፋቴን ፈጽሞ አላስታውስም። በዚያው በፌብሩዋሪው ገጽ ዳር ላይ፣ ከተሰረዙት ቁጥሮች ጎን፣ የትናንትን ቀን አስቀድሜ እሱ እንደነገረኝ ጻፍኩት።