ጨንቻ ላሉ ሸማኔዎች የኦንላይን ሽያጭ ስልጠና ልንሰጥ ነው፤ ከየት እንጀምር?

ጠያቂ (አርባ ምንጭ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጨንቻ አካባቢ ላሉ ሸማኔዎችና ፈታዮች በኦንላይን መሸጥን የሚያለማምድ ስልጠና እያዘጋጀን ነው። በበጎ ፈቃድ የምንሠራ ወጣቶች ነን። ሰዎቹ ጋቢና ቡሉኮ ሠርተው ለነጋዴ ያስረክባሉ፤ ዋጋውን የሚቆርጠውም እሱ ነው። ስማርት ስልክ ያላቸው ግማሽ አይሞሉም። ድረ ገጽ እንሥራላቸው ወይስ ቴሌግራም ይበቃል? ክፍያውና ማድረሱስ? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ አካፍሉን።

የሙያ አሰልጣኝ (ሶዶ)፦ ወንድሜ፣ ድረ ገጹን ለጊዜው ተወው። በየዓመቱ ክፍያ አለው፤ የሚከታተለው ሰው ሲጠፋ ይዘጋል። ገዢው ያለው ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ነው።

ገለጻ አታብዙ። ሁሉም የራሱን ሥራ ይዞ ይምጣና እዚያው ፎቶ ያንሳ። ስማርት ስልክ የሌለው ስልክ ካለው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ጋር ይምጣ። ፎቶው ጠዋት በር ላይ ይነሳ፣ ያለ ፍላሽ። ነጭ ጋቢ በፍላሽ ሲነሳ ጥለቱ ይጠፋል። አንድ ሙሉውን፣ አንድ ጥለቱን ቀረብ አድርጎ፣ አንድ ሰው ለብሶት። ከሥሩ ርዝመት፣ ስፋት፣ ስንት ድርብ እንደሆነ፣ ማጉ የእጅ ፈትል ይሁን የፋብሪካ ክር ይጻፍ። ዋጋውም እዚያው ይቀመጥ፤ «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚል ነገር ገዢ ያሸሻል።

ስልጠናው ደግሞ በጋሞኛ ይሁን። ለገዢ የሚጻፈው በአማርኛ ቢሆንም እናቶች የሚጠይቁት በራሳቸው ቋንቋ ነው።

ሂሳብ ሠራተኛ (ሐዋሳ)፦ ስለ ክፍያው ልጨምር። ለቴሌብር ስማርት ስልክ ግድ አይደለም፤ በተራ ስልክም *127# ተደውሎ ይሠራል። ስለዚህ ስማርት ስልክ የሌላቸውም ገንዘቡን ራሳቸው መቀበል ይችላሉ።

አደራ የምላችሁ ግን ስለ ማጭበርበሩ ነው። «ከፍያለሁ፣ ስክሪን ሾቱ ይኸው» ብሎ የውሸት ደረሰኝ የሚልክ አለ። ፎቶ አይታመንም። ቀሪ ሂሳባቸውን ራሳቸው ሳያዩ ዕቃ እንዳይለቁ፣ ሚስጥር ቁጥራቸውንም ለእናንተ ለአሰልጣኞቹ እንኳ እንዳይናገሩ ደጋግማችሁ አለማምዷቸው። ከገዢ ጋር የተጻጻፉትን አያጥፉ። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለእንዲህ ያለ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ይሰጣል።

ባህል ልብስ ሻጭ (ሽሮ ሜዳ)፦ ዕቃው እንዴት እንደሚደርስ ሳትጨርሱ አንድም ፎቶ አትልቀቁ። አንድ ጋቢ ለብቻው ቢላክ የመላኪያው ዋጋ ትርፉን ይበላዋል። ትእዛዙን ሰብስባችሁ በሳምንት አንዴ በአውቶቡስ ላኩ። እዚህ ሽሮ ሜዳ የጨንቻና የዶርዜ ሰው ሞልቷል፤ አንድ የታመነ ዘመድ ይቀበልና በሞተር ያድርስ። ውጭ አገር ያለ ገዢ ሲመጣም አዲስ አበባ ያለ ዘመዱ በብር ከፍሎ ቢረከብ ይቀላል።

ነጋዴውን በአንድ ቀን አትቁረጡት። ክር በዱቤ የሚሰጠው እሱ ከሆነ ሸማኔው ሥራ ይፈታል። መጀመሪያ ጥቂቱን ብቻ በኦንላይን ይሞክሩ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ በጣም ጠቅማችሁናል። ቻናሉ የጋራ ይሁን ወይስ ለየራሳቸው?

የሙያ አሰልጣኝ (ሶዶ)፦ የጋራ ይሁን፤ በየፎቶው ሥር የሠሪው ስም ይግባ። ትእዛዙም ፎቶው ለተመረጠው ሰው ይሂድ፤ ይህን ገና ሳትጀምሩ ተስማሙ፣ ጠብ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። ቻናሉ በእናንተ ስልክ አይከፈት። በሸማኔዎቹ ማኅበር ስልክ ይከፈትና ከራሳቸው ሁለት አድሚን ይኑረው፤ ባለ ሁለት ደረጃ የይለፍ ቃልም አብሩበት።

ባህል ልብስ ሻጭ (ሽሮ ሜዳ)፦ የስልጠናውን ቀን ከመስቀል በፊት፣ ነሐሴ ላይ አድርጉት፣ የገበያ ቀን ሳትነኩ። ለመስቀል ከአዲስ አበባ የሚገባው ዘመድ ብዙ ነው። ዕቃ የሚቀበልላችሁን ሰው ያኔ ፊት ለፊት አግኝታችሁ በየዕቃው ስንት እንደሚከፈለው ተነጋገሩ።