በሳይንና በኮሳይን ስንጠጋ የቀድሞዎቹ ኮፊሸንቶች ለምን አይለወጡም?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ

ጤና ይስጥልኝ። የሂሳብ ተማሪ ነኝ። ከኔጌቲቭ ፓይ እስከ ፓይ ባለው ክልል የስህተቱ ስኩዌር ኢንተግራል ትንሹ እንዲሆን አድርጌ ሳይን ኤክስን በተራ ፖሊኖሚያል ስጠጋው፣ ኤክስን ብቻ ስጠቀም ኮፊሸንቱ (ኤክስን የሚያባዛው ቁጥር) 0.30 ገደማ ይሆናል፤ የኤክስን ኪዩብ ስጨምር ግን ያው ኮፊሸንት ወደ 0.86 ይዘላል። ኤክስን ራሱን በሳይን ስጠጋው ደግሞ መጀመሪያ 2 ሳይን ኤክስ አገኛለሁ፤ ሳይን 2ኤክስን ስጨምር 2ቱ ንቅንቅ ሳይል ኔጌቲቭ 1 ብቻ ከጎኑ ይመጣል። ይህ ከኢነር ፕሮዳክት ስፔስ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ብታስረዱኝ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ከሐረር

የሁለት ፋንክሽኖችን ብዜት በዚያ ክልል ኢንተግሬት አድርገን የምናገኘውን ቁጥር ኢነር ፕሮዳክታቸው ብለን ከወሰድን፣ ፋንክሽኖችም እንደ ቬክተር ርዝመትና ማእዘን ይኖራቸዋል። በዚህ መለኪያ ቁጥሩ 1፣ ኮሳይን ኤክስ፣ ሳይን ኤክስ፣ ኮሳይን 2ኤክስ፣ ሳይን 2ኤክስና ተከታዮቻቸው ሁሉ እርስ በርሳቸው ቀጤ ነክ ናቸው፣ ማለትም የሁለቱ ኢነር ፕሮዳክት ዜሮ ነው፤ የ1 ርዝመት ስኩዌር (ከራሱ ጋር ያለው ኢነር ፕሮዳክት) 2 ፓይ፣ የሌሎቹ ደግሞ ፓይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ኮፊሸንት ለማግኘት የተሰጠው ፋንክሽን ከዚያ አንድ አባል ጋር ያለውን ኢነር ፕሮዳክት በአባሉ ርዝመት ስኩዌር ማካፈል ይበቃል፤ ሌሎቹ አባላት ስሌቱ ውስጥ አይገቡም። ኤክስና የኤክስ ኪዩብ ግን ቀጤ ነክ አይደሉም፤ ብዜታቸው የኤክስ 4ኛ ፓወር ስለሆነ ከዜሮ በታች አይወርድም፣ ኢንተግራሉም ዜሮ ሊሆን አይችልም። አንዱ የሌላውን ድርሻ በከፊል ተሸክሞ ስለነበር፣ ሁለተኛው ሲመጣ ድርሻው እንደገና ይከፋፈላል። ከእያንዳንዱ ፋንክሽን ላይ የቀደሙትን ድርሻ እየቀነሰ በሚሄደው በግራም-ሽሚት ዘዴ ተራ ፖሊኖሚያሎችንም ቀጤ ነክ ብታደርጋቸው ያው መረጋጋት ይገኛል።

ሌላ መልስ፦ ከድሬዳዋ

ከላይ በተባለው ላይ የፓይታጎረስን ቴዎረም ልጨምር፦ ቀጤ ነክ ክፍሎች ሲደመሩ የርዝመታቸው ስኩዌሮችም ይደመራሉ፤ እኔ የዚህን ርዕስ ውበት ያየሁት እዚያ ነው። የኤክስ ርዝመት ስኩዌር 20.67 ገደማ ነው። 2 ሳይን ኤክስ ከዚህ ላይ 12.57 ይወስድና 8.10 ይቀራል፤ የሳይን 2ኤክስ ተርም 3.14 ወስዶ 4.96 ያስቀራል። ተርሞቹ ያለማቋረጥ ሲጨመሩ ቀሪው ወደ ዜሮ ይሄዳል፤ ይህም የፓርሰቫል እኩልነት ነው። ሁለቱን ወገኖች ስናስተካክል 1፣ አንድ አራተኛ፣ አንድ ዘጠነኛ እያለ የሚቀጥለው ድምር የፓይ ስኩዌር ሲካፈል ለ6 ይሆናል፤ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን በሌላ መንገድ የደረሰበት ውጤት ነው።

ጠያቂው፦

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። የከተማችንን የ12 ወራት አማካይ ዝናብ በዚሁ መንገድ ብጠጋውስ? ያሉኝ ቁጥሮች ብቻ ስለሆኑ ኢንተግራል ልወስድ አልችልም።

መልስ፦ ከሐረር

በኢንተግራሉ ፈንታ የ12ቱን ነጥቦች ብዜት ደምር፤ ነጥቦቹ እኩል ከተራራቁ ቀጤ ነክነቱ አይፈርስም። ጳጉሜን ግን 13ኛ ነጥብ አድርገህ አታስገባት፤ 5 ወይም 6 ቀን ብቻ ስላላት የእኩል ርቀቱን ታፈርሳለች። ድሬዳዋ በበልግም በክረምትም ስለሚዘንብባት፣ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚመላለሰው ተርም ጎልቶ እንዲወጣ ጠብቅ፤ በአንደኛው ዲግሪ (በሳይን ኤክስና በኮሳይን ኤክስ) ብቻ ብታቆም ሁለቱን ወቅቶች አንድ ጉብታ ታደርጋቸዋለህ። ከ5ኛ ዲግሪ በላይ ስትሄድ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የ6ኛው ዲግሪ ሳይን በ12ቱም ነጥቦች ላይ ዜሮ ነው፤ ፋንክሽኑ ራሱ ዜሮ ሳይሆን ርዝመቱ ዜሮ ስለሚሆን፣ ድምሩ 6ኛውን ዲግሪ በያዘው የፋንክሽኖች ስፔስ ላይ «ርዝመቱ ዜሮ የሆነ ዜሮ ብቻ ነው» የሚለውን የኢነር ፕሮዳክት ሕግ አያሟላም። እስከ 5ኛ ዲግሪ ያሉት 11 አባላት ግን በድምሩም እርስ በርስ ቀጤ ነክ ስለሆኑ፣ የእያንዳንዳቸውን ኮፊሸንት ለየብቻ ልታሰላ ትችላለህ።