የቆዳ ፋብሪካ፦ ጥቅሙ ጉዳቱን ይክሰዋል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ኢንዱስትሪ ብክለት ሲነሳ «እንግሊዝም በዚሁ አልፋ ነው የበለጸገችው» ይባላል። ከሞጆ ቆዳ ፋብሪካዎች ወደ ሞጆ ወንዝ የሚገባው ፍሳሽ መድረሻው አዋሽ ነው። ለሥራ ዕድልና ለውጭ ምንዛሪ ሲባል ይህ የግድ የሚከፈል ዋጋ ነው?

ነጋድራስ፦
እንግሊዝን ለምሳሌ የሚጠሩ ሰዎች መሀሉን ይዘሉታል። እ.ኤ.አ. በ1842 በወጣው፣ የሠራተኞችን ጤና ባጠናው የቻድዊክ ሪፖርት የማንቸስተር ሠራተኛ ቤተሰቦች አማካይ የሞት ዕድሜ 17 ዓመት፣ የገጠሩ ራትላንድ ግን 38 ነበር። (17 ያደረገው በአብዛኛው የሕፃናት ሞት ነው፤ አዋቂው ሁሉ በ17 ይሞት ነበር ማለት አይደለም።) ሀብቱ በራሱ ጊዜ አላስተካከለውም። የተስተካከለው የ1833ቱ የፋብሪካ ሕግ ተቆጣጣሪ ስለሾመ፣ ለንደንም ከ1858ቱ የቴምዝ ወንዝ ግማት በኋላ የፍሳሽ መስመር ስለዘረጋች ነው። ትርፉ ለአንዱ፣ ሞቱ ለሌላው ስለነበር «በጥቅሉ ያዋጣል» የሚለው ስሌት አይጥመኝም።

ድራም፦
የግድ አይደለም፤ አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከሁለት ደረጃዎች ነው።

ፀጉር የሚለቀው በኖራና በሶዲየም ሰልፋይድ ነው። ይህ ፍሳሽ ከማልፊያው አሲዳም ፍሳሽ ጋር በአንድ ቦይ ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ይወጣል። መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ 100 ፒፒኤም (ከሚሊዮን የአየር ክፍል 100) አካባቢ ሲደርስ ግን አፍንጫ ማሽተት ያቆማል፣ ሠራተኛውም ጋዙ የጠፋ መስሎት ጉድጓድ ይገባል። ስለዚህ ቦዮቹ ይለያሉ፤ ሰልፋይዱ ለብቻው ተጠራቅሞ ማንጋኒዝ ሰልፌት ተጨምሮበት አየር ይነፋበታል።

ሁለተኛው ደረጃ ማልፋት ነው። ማልፊያውን ኬሚካል ክሮምን በተመለከተ፣ በተለመደው አሠራር ቆዳው የሚይዘው ከ60 እስከ 70 በመቶውን ነው። የቀረው በገንዘብ የተገዛ ኬሚካል ወንዝ ይገባል! ፍሳሹን አጣርቶ፣ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ከ8 በላይ አድርሶ ክሮሙን ማዝቀጥ፣ ከዚያ በሰልፈሪክ አሲድ አሟሙቶ ቆዳው ወደሚለፋበት ተሽከርካሪ በርሜል (ድራም) መመለስ ይቻላል። ስብ ሳይጣራ ከገባ ቆዳው ላይ ነጠብጣብ ያወጣል። ዝቃጩን ማቃጠል ግን አይገባም፤ ክሮም 3 ወደ መርዛማው ክሮም 6 ሊለወጥ ይችላል።

ጠያቂ፦
ታዲያ ማጣሪያ እያለ ወንዙ ለምን ይጠቁራል?

ድራም፦
የማጣሪያው አየር መንፊያ መብራት ይበላል። መብራት ሲቆረጥ ወይም ወጪ ለመቀነስ ሲጠፋ ቆሻሻውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ እንደገና ለማራባት ሳምንታት ይፈጃል። ተቆጣጣሪ ብሆን የውሃ ናሙና ብቻ አልወስድም፤ ለማጣሪያው የተለየ የመብራት ቆጣሪ አስገጥሜ በየወሩ አነብ ነበር።

ጥሬ ቆዳው እንዳይበላሽ የሚነሰነስበት ጨው ግን በዚህ ሁሉ አይወጣም፤ በታች በኩል በመስኖ የሚያለማው ገበሬ ማሳ ላይ ይቀራል። ጥሬ ቆዳውን ከመዘፍዘፍ በፊት አራግፎ ደረቁን ጨው መሰብሰብ ይቀንሰዋል፣ አያጠፋውም። ጥቅምና ጉዳት ሲመዘን ጉዳት ተብሎ መያዝ ያለበት እንዲህ ያለው ነው።