ጀርመንኛ እየተማርኩ ነው፤ አዳማ ላይ ሆኜ ምን ላድርግ? ምን ዕድልስ አለ?

ጥያቄ (ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት፣ አዳማ)

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ጀርመንኛ በስልኬ ጀምሬ የመጀመሪያውን ደረጃ ኤ1ን ጨርሻለሁ፤ አሁን ኤ2 መሃል ላይ ነኝ (ከዚያ ቢ1፣ ቢ2 እያለ ይቀጥላል)። ንባቡና ሰዋስው እየገባኝ ነው። ለመናገር ስሞክር ግን አፌ ይተሳሰራል፤ የማወራው ሰው የለኝማ። ዶርም ውስጥ እንደኔ የሚማሩ ሦስት ልጆች አሉ። እርስ በርስ እንለማመድ ብለን እንቀመጥና ወዲያው ወደ አማርኛ እንመለሳለን።

ጥያቄዎቼ፦ አዲስ አበባ ሳንመላለስ እዚሁ ምን ማድረግ እንችላለን? ተማሪ እያለሁ በጀርመንኛ የሚገኝ ዕድል አለ ወይስ እስክመረቅ መጠበቅ ነው? ሌላው ደግሞ አንድ ሰው «ኦፔር አድርጌ እልክሻለሁ፣ ቅድሚያ ክፈዪ» ብሎኛል (ኦፔር ማለት ጀርመን አገር ቤተሰብ ቤት እየኖሩ ልጅ መንከባከብ ነው)። ቤተሰቦቼ ጓጉተዋል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

የመብራት ሰፈር ልጅ

እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ጊዜሽን ኮርሶችሽ ላይ አውዪ። ጀርመን አገር በእንግሊዝኛ የሚሰጥ ማስተርስ ሞልቷል። ጂፒኤሽን ጠብቂ፣ የእንግሊዝኛ ፈተናሽን ተፈተኚ፣ ተመርቀሽ አመልክቺ። ኤግዚት ኤግዛምም እየመጣ ነው። ጀርመንኛው እዚያ ስትደርሺ ይደረስበታል።

ከአዳማ ድሬስደን

የመብራቱ ወንድሜ ያለው ግማሹ ልክ ነው። እኔም ማስተርሴን የምማረው በእንግሊዝኛ ነው። ግን ከክፍል ስትወጪ ሁሉ ነገር በጀርመንኛ ነው። ተማሪ እዚህ በዓመት 140 ሙሉ ቀን ወይም 280 ግማሽ ቀን መሥራት ይፈቀድለታል። በሙያችን የተማሪ ሥራ ለማግኘት ግን ብዙዎቹ ማስታወቂያዎች ጥሩ ጀርመንኛ ይጠይቃሉ። የማይችል ሰው መጋዘንና ወጥ ቤት ይሠራል፤ ሥራ ነው፣ ክብር አለው፣ ግን ለሙያሽ አይጨምርልሽም። «እዚያ ስትደርሺ ይደረስበታል» የሚለውንም አልስማማበትም። ማስተርስ እየተማሩ፣ እየሠሩ፣ ከዜሮ ቋንቋ መጀመር በጣም ከባድ ነው።

ስለ ገንዘቡም ልንገርሽ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች በአብዛኛው የትምህርት ክፍያ አይጠይቁም። ባደን ቩርተምበርግ በሚባለው ክፍለ ግዛት ግን ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ተማሪ በሴሚስተር 1,500 ዩሮ ይከፍላል። ብዙ የአገራችንን ልጅ የሚያስቀረው ሽፔርኮንቶ የሚሉት ዝግ የባንክ ሒሳብ ነው። ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ ለቪዛ የአንድ ዓመት መኖሪያውን አስቀድሞ ያስገባል። መጠኑ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 2024 ጀምሮ 11,904 ዩሮ ሆኗል። ስለዚህ ዋናው መንገድሽ ስኮላርሺፕ ነው። እዚህ ላይ ነው ጀርመንኛ የሚጠቅምሽ። ለምሳሌ የኮንራድ አደናወር ፋውንዴሽን ለውጭ ተማሪዎች የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ቢ2 ይጠይቃል። በእንግሊዝኛ ብቻ የሚያመለክተው ሰው ብዛት ስለሚታወቅ፣ ቋንቋው ያለው ሰው የሚወዳደርበት በር ይበዛለታል።

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

እኔ ሐዋሳ ላይ ጀርመንኛ የሚለማመዱ ተማሪዎችን አሰባስባለሁ። «ወዲያው ወደ አማርኛ እንመለሳለን» ያልሽው የሁሉም ቡድን ችግር ነው። ምክንያቱ የፍላጎት ማነስ አይደለም። «እናውራ» ብሎ መቀመጥ በኤ2 ደረጃ ላለ ሰው በጣም ሰፊ ነው። ርዕሱም፣ ጊዜውም፣ ቅርጹም ተወስኖ ካልተቀመጣችሁ አትዘልቁም።

ቅርጹን ከፈተናው ውሰዱ። የጎተ (የጀርመን የቋንቋና የባህል ተቋም) የቢ1 የመናገር ፈተና ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሰጠው፤ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ሁለቱ ተፈታኞች አንድ ነገር አብረው ያቅዳሉ። ቀጥሎ እያንዳንዱ አጭር ገለጻ ያቀርባል። በመጨረሻ አንዱ ለሌላው አስተያየት ይሰጣል፣ ጥያቄም ይጠይቃል። አራት ሰዎች ናችሁ፤ ሁለት ጥንድ ማለት ነው፣ በጣም ይመቻል።

የመጀመሪያ ሳምንት እቅዳችሁ የሶደሬ ጉዞ ይሁን። በስንት ሰዓት እንነሳ? በምን እንሂድ? ምሳ ማን ይያዝ? ውኃው ውስጥ መግባት የማይፈልግ ሰው ምን ይሥራ? አንዷ ሐሳብ ታቀርባለች፣ ሌላዋ «አይ፣ እሱ ውድ ነው» ትላለች፣ ምክንያቷን ትሰጣለች። ይህቺ «ምክንያቴ ይሄ ነው» የምትለዋ ነገር ነጥብ ታስገኛለች። ለገለጻ ደግሞ የምታውቁትን ውሰዱ። አንቺ ኤሌክትሪካል ነሽ፤ ከከተማው ጫፍ የሚታዩት የንፋስ ኃይል ማመንጫዎች አሉልሽ። አዳማ አንድ 51 ሜጋ ዋት፣ አዳማ ሁለት 153 ሜጋ ዋት ነው። ስለማታውቂው ስለ በርሊን ሕይወት ከምትሸመድጂ፣ በዓይንሽ ስለምታይው ነገር አምስት ዓረፍተ ነገር ተናገሪ።

ሰዓት ያዙ። ለ20 ደቂቃ አማርኛ የለም። ቃል ሲጠፋችሁ በእጅም ቢሆን አሳዩ፣ ወረቀት ላይ ጻፉትና እለፉ። መዝገበ ቃላት የሚከፈተው ሰዓቱ ሲያልቅ ነው። መሃል ላይ ስልክ ከወጣ ወሬው እዚያው ይሞታል።

አንድ ነገር ላበረታታችሁ። ጀርመንኛ «ምክንያቱም»፣ «ቢሆንም» በሚሉ ማያያዣዎች በሚጀምሩ ጥገኛ ሐረጎች ውስጥ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። እንግሊዝኛ ለምዶ የመጣ ሰው ይሄ ያስጨንቀዋል። እኛ ግን ከልጅነታችን ጀምሮ ግስ መጨረሻ ላይ ስናስቀምጥ ነው ያደግነው። በእንግሊዝኛ አትሂዱበት፤ በአማርኛችሁ አስቡት።

የምታወሩትን ጀርመናዊ ደግሞ ፈልጉ። ሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት አለው፤ አማርኛም ይማሩበታል። ማዕከሉ የተሰየመው በ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ ሊቅ በሂዮብ ሉዶልፍ ነው። ሉዶልፍ አማርኛ የተማረው ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ አባ ጎርጎርዮስ በ1652 እ.ኤ.አ. እሱ ጋ ጎታ ድረስ ሄደው ነበር። እነዚህ ተማሪዎች አማርኛ የሚያናግራቸው ሰው ይፈልጋሉ፤ እናንተ ደግሞ ጀርመንኛ የሚያናግራችሁ። ግማሽ ሰዓት በአማርኛ፣ ግማሽ ሰዓት በጀርመንኛ ትለዋወጣላችሁ። ለትምህርት ክፍሉ ትሕትና ያለበት አጭር ኢሜል ጻፉ፤ ከየት እንደሆናችሁ፣ ደረጃችሁን፣ በየትኛው ቀን እንደሚመቻችሁ ግለጹ። ማንም ባይመልስ በቴሌግራምና በታንደም (የቋንቋ ልውውጥ) መተግበሪያዎች ፈልጉ። ሴቶች ልጆች ግን መጀመሪያ በቡድን አውሩ፤ ስልክ ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ።

ለጽሑፍ ፋው ሃ ኤስ ሌርንፖርታል የሚባል የጀርመን ሕዝባዊ ትምህርት ቤቶች ማኅበር ድረ ገጽ አለ። ነፃ ነው፤ የጻፍሽውን የሚያይልሽ አስተማሪም አለው። የዶቼ ቬለ ኒኮስ ቬግም ከኤ1 እስከ ቢ1 በነፃ ይሄዳል። የግቢው ዋይፋይ ደህና ሲሆን ቪዲዮዎቹን አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ማመልከቻ ነው ሥራዬ

ሁለተኛውን ጥያቄሽን ልመልስ። ተማሪ እያለሽ የሚደርስሽ ትልቁ ነገር የዳአድ የበጋ ኮርስ ስኮላርሺፕ ነው። ዳአድ የጀርመን የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ነው። ኮርሱ ጀርመን በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቢያንስ 18 ቀን የሚቆይ የቋንቋና የአገር ዕውቀት ትምህርት ነው። ጀማሪ አይቀበሉም፤ ቢ1 ይፈልጋሉ። ስለዚህ አሁን ያለሽ ኤ2 ለዚህ ዓመት ላይበቃ ይችላል፣ ለ4ኛ ዓመትሽ ግን ይደርሳል። የዳአድ የስኮላርሺፕ መፈለጊያ ውስጥ ገብተሽ ኢትዮጵያን ምረጪና ዝርዝሩንና የማብቂያ ቀኑን እዪ። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍልሽን መምህር አሁን አስቢበት። ቀኑ ሊያልቅ ሲል መምህር ማስጨነቅ ለማንም አይበጅም።

ራይዝ የሚባል የዳአድ የምርምር ኢንተርንሺፕ ቴሌግራም ላይ ሲዘዋወር አያለሁ። ራይዝ ጀርመኒ የሚወስደው ከሰሜን አሜሪካ፣ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። በእሱ ጊዜ አታጥፊ።

ከተመረቅሽ በኋላ ኤፖስ የሚባሉት የዳአድ ማስተርሶች አሉ። ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ግን የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃሉ። ሥራ ለመፈለግ ደግሞ ቻንሰንካርተ የሚባል ቪዛ በጁን 2024 እ.ኤ.አ. ተጀምሯል። የታወቀ ዲግሪ ያለው ሰው በነጥብ ተመዝኖ እስከ አንድ ዓመት ጀርመን ውስጥ ሥራ ይፈልጋል። መግቢያው ኤ1 ጀርመንኛ ወይም ቢ2 እንግሊዝኛ ነው፤ ጀርመንኛሽ ከፍ ባለ ቁጥር ነጥብሽም ይጨምራል።

ኦፔር ሆኜ አውቀዋለሁ

እህቴ፣ ያ ሰውዬ ምንም እንዳትከፍዪው። ብሩን ከከፈልሽ በኋላ ስልኩን የሚያነሳልሽ አይመስለኝም።

አሠራሩን ልንገርሽና ለቤተሰቦችሽ አንብቢላቸው። ኦፔር ለመሆን ስታመለክቺ ዕድሜሽ ከ18 ጀምሮ ከ27 በታች መሆን አለበት። ቢያንስ ኤ1 ያስፈልጋል። ውሉን የምትፈራረሚው ከምትኖሪበት ቤተሰብ ጋር ነው፤ ስማቸውን፣ አድራሻቸውን፣ የልጆቻቸውን ዕድሜ አስቀድመሽ ታውቂያለሽ፣ በቪዲዮም ታወሪያቸዋለሽ። ክፍልና ምግብ ከነሱ ነው። የኪስ ገንዘብ በወር 280 ዩሮ፣ ለቋንቋ ትምህርትሽም በወር 70 ዩሮ ይሰጣሉ። ሥራው በሳምንት ከ30 ሰዓት አይበልጥም። ቢበዛ አንድ ዓመት ነው። የቪዛው ክፍያ 75 ዩሮ ነው። ከዚህ ውጭ «ለኮታ»፣ «ለኤምባሲ ሰው» የሚል ጥያቄ ከመጣ ሩጪ። ፓስፖርትሽንም ለማንም አትስጪ።

ለማንኛውም 3ኛ ዓመት ላይ ትምህርት አቋርጠሽ መሄዱን አልመክርሽም። በ280 ዩሮ ቤተሰብ መርዳት አይቻልም፤ ያ ገንዘብ ለቋንቋና ለኑሮ ልምድ ነው። ተመርቀሽም ዕድሜው ካላለፈብሽ ይደርስሻል። የበጎ ፈቃድ አገልግሎትም አለ፤ ቬልትቬርትስ የሚባለው ፕሮግራም እንደኛ ካሉ አገሮች ወጣቶችንም ወደ ጀርመን ይወስዳል። የሚኬደው ግን እዚህ ባለ አጋር ድርጅት በኩል ነው፤ በደላላ አይደለም።

ጡረታ የወጣ መሐንዲስ

ልጄ፣ ግቢሽ ለጀርመን እንግዳ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. ናዝሬት ቴክኒካል ኮሌጅ ተብሎ ነው የተጀመረው። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ከጀርመን ጋር በተያዘው የምህንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም ጊዜ ጀርመናዊ ፕሬዚዳንት ነበረው። ጀርመን የተማሩ መምህራን ዛሬም በየትምህርት ክፍሉ ይገኛሉ። ቢሯቸው ሂጂና በጀርመንኛ «ደህና ዋሉ» በዪያቸው። ደስ ይላቸዋል። ምናልባት በወር አንድ ጊዜ ለቡድናችሁ ጊዜ ይሰጧችሁ ይሆናል። የድጋፍ ደብዳቤውም የሚመጣው ከእንደዚህ ያለ ትውውቅ ነው።

የሙያ ቃላትሽንም አትርሺ። ሽትሮም፣ ሽፓኑንግ፣ ቪደርሽታንድ፤ ጅረት፣ ቮልቴጅ፣ ሬዚስታንስ። ላብራቶሪ ውስጥ በጀርመን የተሠራ ዕቃ ካለ ማኑዋሉን ፈልጊ። የ4ኛ ዓመት ኢንተርንሺፕሽን ስትመርጪም የጀርመን ማሽን የሚተክሉ ወይም ከጀርመን ፕሮጀክቶች ጋር የሚሠሩ ድርጅቶችን ቀድመሽ ጠይቂ።

ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት፣ አዳማ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የኛ ዲፓርትመንት አንድ መምህር ጀርመን እንደተማሩ ሰምቼ ነበር፤ ሰኞ ቢሯቸው እሄዳለሁ። ስለ ኦፔሩ ያልሽኝን ለእናቴ አነበብኩላት፤ ተስማምታለች፣ ገንዘቡ አይከፈልም። አንድ ጥያቄ ቀረኝ። ኤ2 ልፈተን ወይስ ዘልዬ ቢ1?

ሐዋሳ ሐይቅ ዳር

ቢ1 ለመፈተን የኤ2 ሰርተፊኬት አይጠየቅም። ገንዘብሽን ለቢ1 አስቀምጪ። ቢ1 አራት ክፍል አለው፦ ማንበብ፣ ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መናገር። እያንዳንዱ ለብቻው ከ100 ይታረማል፤ ማለፊያው 60 ነው። አንዱ ቢወድቅብሽ እሱን ብቻ ደግመሽ ትፈተኛለሽ። ኮርሱን እዚያ ያልተማረ ሰውም መፈተን ይችላል። ስድስት ኪሎ ያለው ጎተ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ አለ፤ የፈተና ቀኖቹን ድረ ገጹ ላይ ታገኛለሽ። ስትመዘገቢ ስምሽን ልክ ፓስፖርትሽ ላይ እንዳለው ጻፊ፤ የአንድ ፊደል ልዩነት ኋላ ቪዛ ላይ ያጉላላል። ለፈተናው ቀን ከአዳማ ጠዋት መነሳት ይከብዳል፤ አዲስ አበባ ዘመድ ካለሽ ማታውን እዚያ እደሪ።

አትቸኩዪ ግን። ጎተ ራሱ ከዜሮ እስከ ቢ1 ከ350 እስከ 650 የትምህርት ክፍለ ጊዜ ይገምታል፤ አንዱ 45 ደቂቃ ነው። እስካሁን ያጠናሽውን አስቢና የቀረሽን ለሳምንቶችሽ አካፍዪው።

የመብራት ሰፈር ልጅ

የድሬስደኑ ልጅ ስለ ሥራው የተናገረው አሳምኖኛል፤ ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ከዜሮ ነው የምጀምረው። ቡድናችሁ ውስጥ ቦታ አለ?

ኤሌክትሪካል 3ኛ ዓመት፣ አዳማ

አለ። ቅዳሜ ከሰዓት ግቢው ላይብረሪ በር ላይ እንገናኝ። እስከዚያ የኒኮስ ቬግን የመጀመሪያ ትምህርቶች ጨርስ፤ ራስህን በጀርመንኛ ታስተዋውቀናለህ።