ሮቦቴ ይቆማል፣ እግሩን ሲያነሳ ግን ዘጭ ይላል። እርዱኝ!

ጀማሪው

ሰላም ለሁላችሁ። ማታ ማታ እየሠራሁ ሦስት ወር የፈጀብኝ ባለ ሁለት እግር ሮቦት አለኝ። ቁመቱ 38 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 1.6 ኪሎ ነው። በየእግሩ ስድስት፣ በድምሩ 12 ኤምጂ996አር ሰርቮ (የታዘዘው ማዕዘን ላይ ዞሮ የሚቆም ሞተር) አለው። የሚያዘው አርዱይኖ ኡኖ የተባለ ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ነው፤ ሰርቮዎቹ ባለ 16 መስመር ቦርድ ላይ ተሰክተዋል። ኃይል የሚያገኘው ከአንድ ባለ 5 ቮልት፣ 2 አምፔር የስልክ ቻርጀር ነው።

ቀጥ ብሎ ይቆማል። «ወፌ ቆመች» ብዬ ቪዲዮ ሁሉ ቀርጬዋለሁ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ቀኝ እግሩን ላንሳ ሲል ወደ ቀኝ ዘጭ፣ ግራውን ሲል ወደ ግራ ዘጭ። አንዳንዴ ደግሞ ሁሉም ሰርቮ ይንቀጠቀጥና አርዱይኖው ጠፍቶ እንደገና ይነሳል።

ለሚያሰላልኝ ሰው ልኩ ይኸው፦ የሁለቱ እግር መዳፎች ከመሀል እስከ መሀል 8 ሴንቲ ሜትር ይራራቃሉ። የአንዱ ስፋት 6 ነው። ከቁርጭምጭሚት እስከ ዳሌ 20 ነው። እግር ከማንሳቱ በፊት ወደ ጎን 2 ዲግሪ እንዲያዘነብል አድርጌዋለሁ። ጉልበቱን በደንብ አጥፌዋለሁ፤ 5 ሴንቲ ሜትር ወደ ፊት ወጥቷል። የሚዛን ሴንሰር ልጨምርበት ወይ?

ሽቦ ፈቺ

ሴንሰሩን ለጊዜው እርሳው። መጀመሪያ ቻርጀሩን ንቀል።

አንድ ኤምጂ996አር ሸክም በዝቶበት ሲቆም በ6 ቮልት ብቻውን 2.5 አምፔር ይስባል። ያንተ ቻርጀር ለ12ቱም ያለው 2 አምፔር ነው። ቆሞ ሲውል ብዙ ስለማይስቡ ይቻላቸዋል። እግር ሲነሳ ግን ቮልቱ ይወርዳል፣ አርዱይኖው ይጠፋል፣ ሲነሳ ኮዱን ከሀ ይጀምራል። መንቀጥቀጡም ከዚሁ ነው ባይ ነኝ። ሮቦቱ እግሩን ሲያነሳ መልቲሜትር ሰርቮው መሰኪያ ላይ ያዝ። መልቲሜትር ቀርፋፋ ነውና 4.5 ካነበብክ በእውነቱ ከዚያም ወርዷል ማለት ነው።

12ቱም በአንድ ጊዜ ስለማይጨናነቁ 30 አምፔር አያስፈልግህም። 6 ቮልትና 10 አምፔር የሚሰጥ ምንጭ ይበቃሃል። ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ባትሪ ከገዛህ ሲሞላ 8.4 ቮልት ይደርሳል፤ የቮልት ማውረጃ ሳታስገባ በቀጥታ እንዳታገናኘው፣ ሰርቮዎቹን ትጠብሳቸዋለህ። ለአርዱይኖው የራሱን ኃይል ስጠው። ግራውንዳቸውን (የኔጌቲቭ ሽቦቸውን) ግን አገናኝ። ይቺን ረስቼ አንድ ሙሉ ቅዳሜ ኮድ ሳርም ውያለሁ።

ጋሼ ብሎን

ሽቦ ፈቺ ትክክል ነው። ግን ኃይሉ ቢስተካከልም ይወድቃል፤ የወደቀበት ምክንያት ሌላ ነውና።

እስቲ ተነስና ግድግዳ አጠገብ ቁም። ቀኝ ትከሻህንና ቀኝ እግርህን ከግድግዳው ጋር አጣብቅ። አሁን ግራ እግርህን አንሳ። አልሆነም አይደል? ግድግዳው ሰውነትህን ወደ ቀኝ እንዳታሻግር ከለከለህ። ሮቦትህም የቸገረው ይኸው ነው። ሰው እግሩን ከማንሳቱ በፊት ክብደቱን ወደ ሌላው እግር ያሳልፋል፤ ስለለመደው ግን አያስተውለውም።

አሁን ወዳንተ ልክ እንሂድ። የሮቦቱ የስበት ማዕከል ሲቆም ሁለቱ እግሮች መሀል ላይ ነው። የአንዱ መዳፍ መሀል ከዚያ 4 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ የውስጥ ጠርዙ ደግሞ 1 ሴንቲ ሜትር። 2 ዲግሪ ማዘንበል በ20 ሴንቲ ሜትር እግር ላይ ዳሌውን የሚያስኬደው 0.7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ጠርዙ ላይ እንኳን አልደረስክም። ምንም ያልደገፈው ነገር እግሩን ሲያነሳ ባይወድቅ ነበር የሚገርመኝ።

ዳሌውን 3 ሴንቲ ሜትር ለማሻገር ወደ 8 ዲግሪ ተኩል ያስፈልግሃል። ሰርቮ ሸክም ሲበዛበት ትንሽ ስለሚለቅ 10 ስጠው። ቁርጭምጭሚቱና ዳሌው ላይ ያሉት ሰርቮዎች እኩል ይዙሩ፤ አለዚያ ደረቱ ይዘምማል። መጀመሪያ ስለ መራመድ አታስብ። ያሻግር፣ ሁለት ሰከንድ ይቁም፣ እግሩን 1 ሴንቲ ሜትር ያንሳ፣ ይመልስ። ይህን 20 ጊዜ ሳይወድቅ ከሠራ በኋላ ወደ ፊት ታስኬደዋለህ።

በዚህ አትፈር። የጃፓኑ ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳየው ዋቦት-1 የተባለው ሮቦትም የሚራመደው እንዲሁ ነበር፤ ክብደቱን አንዱ እግር ላይ ሙሉ በሙሉ ሳያሳርፍ ሌላውን አያነሳም። ሆንዳም እ.ኤ.አ. በ1986 ኢ0 በተባለው ሁለት እግር የጀመረው በዝግታ በመራመድ ነው። አሲሞ የተባለውን ሰው መሰል ሮቦት ለሰው ያሳየው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። አንተ ገና ሦስት ወርህ ነው።

ቅባት

ጉልበቱ ጉልበት የለውም! በአንድ እግር ሲቆም ከጉልበቱ በላይ ያለው ክብደት ወደ 1.4 ኪሎ ነው። 5 ሴንቲ ሜትር ስትርቀው ጉልበቱን የሚጠመዝዘው ኃይል 7 ኪሎ ግራም ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ያ ሰርቮ በ4.8 ቮልት የመጨረሻ አቅሙ 9.4 ነው። እንዲህ አድርገህ ብዙ ካቆየኸው ይግላል፣ ሽታም ያመጣል። እጥፋቱን ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ቀንሰው። ጭራሽ ቀጥ አታድርገው፤ ቀጥ ካለ እግሩን የሚያሳጥርበት መንገድ የለውም።

መዳፉ ሥር ጎማ ለጥፍ። ፕላስቲክ ብቻውን ይንሸራተታል።

አዲስ ዘመን

ይቅርታ፣ ለምን ትደክማላችሁ? አሁን እኮ ሮቦቱን ኮምፒውተር ውስጥ በማሽን ለርኒንግ (እየሞከረ ራሱ እንዲማር አድርጎ) አሠልጥኖ ማውጣት ነው። ዲግሪ እየቆጠረ የሚሠራ አለ እንዴ?

ጋሼ ብሎን

አዲስ ዘመን፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ትልልቆቹም ዛሬ የሚሠሩት እንደዚያ ነው። ግን ይህ ሰርቮ ሦስት ሽቦ ብቻ ነው ያለው፤ የት እንደደረሰ አይናገርም። ማርሹም ጥርሶቹ መሀል ክፍተት አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተማረው የታዘዘውን በትክክል በሚፈጽም ሞተር ከሆነ፣ እዚህ ሲመጣ ሌላ ፍጥረት ነው የሚያገኘው። ቆይቶ ይደርስበታል።

መጥረጊያ

ሴንሰሩን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። መጥረጊያ መዳፍህ ላይ አቁም። ከዚያ እስክሪብቶ ሞክር። መጥረጊያው ይቀልሃል፤ ረጅም ነገር ሲወድቅ ቀስ ይላልና። ሮቦትህ የስበት ማዕከሉ 22 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን የመውደቂያ ጊዜው መለኪያ 0.15 ሰከንድ ገደማ ነው፤ የትልቅ ሰው የዚያን እጥፍ ያህል ነው። ሰርቮው ደግሞ ትእዛዝ የሚቀበለው በሰከንድ 50 ጊዜ ነው። ስለዚህ መውደቅ ከጀመረ ለማዳን የሚተርፍህ ሰባት ትእዛዝ ብቻ ነው። ኮድህ ውስጥ «ዲሌይ» እያልክ የምታስቆመው ቦታ ካለ ያቺም ታልቃለች። ለትንሽ ሮቦት እንዳይጀምር ማድረግ ይሻላል፤ ጋሼ ብሎን ያሉት እሱን ነው።

ጀማሪው

ተመልሻለሁ። ቻርጀሩን ጣልኩት፣ ባለ 6 ቮልት ምንጭ ተውሼ ገጠምኩ። መንቀጥቀጡ በዚያው ቀረ። ማዘንበያውን በ8 ዲግሪ ተኩል ሞከርኩ፤ እግሩን ሲያነሳ ተንገዳግዶ ቆመ። 10 ስሰጠው ቀጥ አለ። ጋሼ ብሎን፣ ሰርቮው ትንሽ ይለቃል ያሉት እውነት ነው፤ በፕሮትራክተር ለካሁት፣ 10 ብዬው የሄደው 9 ነው።

20 ጊዜ ያነሳ የተባለውን ሠራ፤ 14ኛው ላይ አንዴ ስቷል፣ አንድ ብሎን ላልቶ ነበር። ጎማም ለጠፍኩ። ከዚያ ወደ ፊት በየእርምጃው 2 ሴንቲ ሜትር አስኬድኩት። ዘጠኝ እርምጃ ሄደ! አሥረኛው ላይ የኃይሉ ገመድ እግሩ ሥር ገብቶ ጠለፈው።

ጋሼ ብሎን

እሰይ! ባትሪው እስኪመጣ ገመዱን ከላይ አንጠልጥለው። ያን ብሎንም በማጣበቂያ አስረው፣ ደግሞ ይላላል።